ባሌ ተራራ ላይ ለ14 ሰው ሚሆን ምድጃ እንዴት እንምረጥ?

ሰሞኑን ሁለት ሶስት ሰው ይሄንኑ ጠይቆኛል፣ የክበብ ልጆች ይዘን ባሌ ልንሄድ ነው ምን አይነት ምድጃ እንግዛ ብለው፣ ሁሉም ሚልኩልኝ ፎቶ ደግሞ አንድ አይነት ነው፣ እዛች ኪስ ውስጥ ምትገባዋ ተጣጣፊ የጋዝ ምድጃ፣ ጋዙ አናት ላይ ምትጠመዘዘዋ፣ ክብደቷ 100 ግራም ምናምን። ጥሩ እቃ ናት፣ ለአንድና ለሁለት ሰው እኔም እሷን ነው ምይዘው። ለ12 ልጅና ለ2 አስተባባሪ ግን አትሆንም፣ ለምን እንደማትሆን ሶዶታ ካምፕ ላይ በአይኔ አይቻለሁ።

የመጀመሪያ ጉዟችን ነበር፣ ታህሳስ ውስጥ፣ ከዲንሾ፣ ከፓርኩ መግቢያ ከተማ፣ ተነስተን ቀኑን ሙሉ በእግር ሄደን ሶዶታ ስንደርስ ፀሐይ እየገባች ነው። ቦታው ወደ 3500 ሜትር ነው፣ ንፋሱ ከሸለቆው እየተገፋ ይመጣል። 10 ሊትር ሚይዝ የአሉሚኒየም ድስት እዛች ትንሽ ምድጃ ላይ ጣድን፣ ምስር ወጥ ልንሰራ። ሶስቱ እግሮቿ የድስቱን ቂጥ መሀሉን ብቻ ነው ሚነኩት፣ ሌላው ሁሉ አየር ላይ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ልጅ በጨርቅ ጆሮውን ይዞ ቆመ፣ ሌላው በፍራሽ ንፋስ ይከልላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፣ ውሃው ይጨሳል እንጂ አይፈላም፣ የጋዙ ቆርቆሮ ላይ ውርጭ ጋገረ፣ እሳቱ ከሰማያዊ ወደ ምንም ሄደ። በዛ መሀል ድስቱ ተጋደለ፣ የያዘው ልጅ ደግሞ በደመነፍስ በባዶ እጁ ሊደግፈው እጁን ሰደደ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈን፣ ውሃው ወደ ሌላ ጎን ነው የፈሰሰው። ልጆቹ በሶና ቆሎ በልተው ተኙ፣ ምስሩ ጥርስ ላይ እንደተንኮሻኮሸ ቀረ። ከዛ ቀን ጀምሮ ምድጃ ከመምረጤ በፊት ድስቱን፣ ድስቱን ከመምረጤ በፊት ደግሞ ምግቡን ነው ምመርጠው፣ እናንተም በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ነዳጅ ሚበላው እሱ ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ አዲስ አበባ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚፈላው፣ ሶዶታ ላይ 88 ገደማ፣ ሳነቴ ሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ 4000 ሜትር ስትደርሱ ደግሞ 87 እንኳን በቅጡ አይሞላም። እሳት ብትጨምሩ ድስቱ ይበልጥ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ከዛ አያልፍም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቶሎ ሚበስል ምስር እዛ ሰዓት ይፈጃል፣ ባቄላና ሽምብራማ አታስቡት፣ ወይ ፕሬዠር ኩከር በፈረስ አስጭኑ ወይ ተዉት። እኛ አሁን ምንይዘው ሚጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ፓስታ፣ ለጠዋት የገንፎ ዱቄትና በሶ ነው። ቁሌቱን ቤት ሰርተን በደንብ አድርቀን በእቃ ይዘን እንሄዳለን፣ ሽንኩርት ማቁላላት ብቻውን 20 ደቂቃ እሳት ይበላል፣ ተራራ ላይ ያ 20 ደቂቃ ውድ ነው። ድርቆሽ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ነው ሚመስለኝ፣ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ትኩስ ቁሌት በውሃ አቅጥናችሁ ስታፈሱበት በ5 ደቂቃ ፍርፍር ነው።

ሌላው፣ የልጆቹ ነገር። ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፣ ባሌ ለመሄድ ጥሩ ሚባለው ደረቁ ወቅት ደግሞ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጥማል፣ ከህዳር 15 እስከ ገና ያለው፣ ረቡዕና አርብም አለ። ስለዚህ ስጋም ቅቤም ሳንይዝ በዘይት የጾም ብቻ ብንሰራ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፣ ማንም ተለይቶ አይቀመጥም። ቋንጣ ይዞ መምጣት ሚፈልግ ካለ ለራሱ ይያዝ፣ የጋራ ድስቱ ውስጥ ግን አይገባም። ይሄ ከምድጃ ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ ምግባችሁ ሽሮ ከሆነ እሳቱን በጣም ዝቅ ማድረግ ሚቻልበት ምድጃ ያስፈልጋችኋል፣ ሽሮ በሀይለኛ እሳት ስሩ ያራል ላዩ ደግሞ እየተፈናጠረ እጅ ያቃጥላል። እንደ ጄትቦይል ያሉት፣ ማሰሮና ምድጃቸው አንድ ላይ ሚገጣጠመው፣ ውሃ ለማፍላት አንደኛ ናቸው፣ በ2 እና በ3 ደቂቃ ያደርሱላችኋል፣ ግን ሽሮ ለማንተክተክ አልተሰሩም፣ ማሰሮዋም ጠባብ ናት። ቀጫጭን የታይታኒየም ድስትም እንደዛው፣ ወፈር ያለ አሉሚኒየም ይሻላል።

ድስቱስ? ለ14 ሰው አንድ ትልቅ ከምታደርጉ ሁለት ባለ 6 ወይም ባለ 7 ሊትር አድርጉት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ምድጃ። አንዱ ላይ ሽሮው፣ አንዱ ላይ የሻይ ውሃው። አንድ ምድጃ ቢበላሽ ደግሞ ሁሉም ሰው ጾሙን አያድርም። ሁለት ምድጃ ሚለው ላይ አልደራደርም፣ ብር ካጠረ ሌላ ነገር ቀንሱ።

እሺ ነዳጅ። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው ሚሳሳተው፣ ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ቆንጆ ምድጃ ይልካል፣ ከዛ ሚገጥምላት ጋዝ ይጠፋል። ባለ ጥምዝዙ የካምፕ ጋዝ አዲስ አበባ ውስጥ በፈለጋችሁት ሰዓት ምታገኙት እቃ አይደለም፣ በአውሮፕላን ደግሞ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ክልክል ነው፣ ሙሉ ይሁን ግማሽ። ምድጃዋ ራሷ ነዳጅ ነክቷት ከሆነ ታጥባ ሽታዋ ጠፍቶ ነው መጓዝ ምትችለው፣ አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅም አለ። ከአሜሪካ ወይ ከአውሮፓ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡ ይሄን አስቀድማችሁ እወቁት፣ ጋዙ እጃችሁ ሳይገባ በዛች ምድጃ ላይ ፕሮግራም አትስሩ።

እንጨትና ከሰልን ባጭሩ ልዝጋው። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም የለም። እዛ ያለው አስታ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው ሚያድገው፣ ደረቅ ሲሆን ደግሞ እንደ ቤንዚን ነው ሚቀጣጠለው፣ የኒያላው መጠለያም እሱ ነው። ልጆቹን ያንን ሊያሳዩ ወስዶ እሱኑ ማንደድ ልክ አይመጣም። ከሰል ደግሞ የድንኳኑ ነገር አለ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

የቡቴን ጋዝ ምድጃ፣ ማለትም እንደ ሻንጣ ምትዘጋዋ ጠፍጣፋ ስቶቭ፣ ጎኗ ላይ ፍሊት ሚመስል ቆርቆሮ ምትከቱባት፣ ልጅ እንኳን ሊያበራት ይችላል፣ ዝቅ ያለች ናት አትገለበጥም፣ እሳቷም ዝቅ ይላል። ሁለት ችግር አላት። አንደኛ ብርድ። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ከፈሳሽነት ወደ ጋዝ መቀየር ያቆማል፣ ያ ባህር ጠለል ላይ ነው፣ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ትንሽ ይረዳታል፣ 3500 ሜትር ላይ እስከ 10 ከዜሮ በታች ድረስ በወረቀት ትሰራለች። ግን ጋዙ ሲወጣ ቆርቆሮውን ራሱን ያቀዘቅዘዋል፣ እኛ ያየነው ውርጭ እሱ ነው፣ የሳነቴ ንጋት ደግሞ በህዳርና በታህሳስ ውሃ በኮዳ ውስጥ በረዶ ያደርጋል። መፍትሄው ቆርቆሮውን ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ማደር፣ ጠዋት ስትጠቀሙ ከመሬት ለይቶ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ። እሳት ዳር ማሞቅ በፍጹም የለም! ኢሶቡቴን ወይ ፕሮፔን ተቀላቅሎበታል ሚል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ ኢሶቡቴን እስከ 12 ከዜሮ በታች፣ ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ነው ሚሄዱት። ሁለተኛው ችግር ትልቅ ድስት ነው፣ ድስቱ ሰፍቶ ቆርቆሮው ያለበትን ጎን ከሸፈነው ሙቀቱ ወደታች ተመልሶ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ሊፈነዳ ይችላል። ድስቱ ከምድጃው አፍ ብዙም ማይወጣ መሆን አለበት። ያቺ አናት ላይ ምትጠመዘዘዋም እንደዚሁ ናት፣ ንፋስ ለመከልከል ብላችሁ ዙሪያዋን በቆርቆሮ ከዘጋችኋት ጋዙን እየጠበሳችሁት ነው። በቱቦ ተያይዞ ጋዙ ራቅ ብሎ ሚቀመጥበት አይነት ግን ዝቅ ያለ ነው፣ እግሩ ሰፊ ነው፣ ንፋስም መከለል ይቻላል፣ በጀርባ ተሸክማችሁ ምትሄዱ ከሆነና ጋዙን ካገኛችሁ የኔ ምርጫ እሱ ነው።

ላምባ ደግሞ ሌላ አለም ነው። በፓምፕ ሚሰራው አይነት፣ አባቶቻችን ፕሪሙስ ሚሉት፣ ስዊድን ውስጥ በ1892 የተፈለሰፈ ነው፣ በዛው አይነት ምድጃ በረዶ እያቀለጡ ነው እነ ሂላሪና ቴንዚንግ በ1953 ኤቨረስት የወጡት። ብርድ አይፈራም፣ ምክንያቱም ግፊቱን ምትሰጡት እናንተ ናችሁ በፓምፑ፣ ነዳጁም ርካሽ ነው። የዘመኑ ዝርያዎቹ እንደ ኤምኤስአር ዊስፐርላይት ኢንተርናሽናል ያሉት ላምባም ቤንዚንም ያነዳሉ፣ ነዳጅ ስትቀይሩ ግን የጋዙ መውጫ ቀዳዳ፣ ያቺ ትንሿ ናስ፣ አብራ ትቀየራለች፣ ያን ረስተው ምድጃው ተበላሸ ሚሉ ብዙ ናቸው። ቤንዚን ለልጆች ጉዞ አልመክርም፣ ጭራሽ። የላምባ ችግሩ ማስነሳቱ ነው፣ መጀመሪያ ጭንቅላቱን በትንሽ አልኮል ማሞቅ አለባችሁ፣ ሳይሞቅ ከከፈታችሁት ላምባው እንደ ፈሳሽ ይወጣና የግማሽ ሜትር ቢጫ እሳት ይነሳል፣ ድስቱም ጥቀርሻ ይለብሳል። ስለዚህ አስተባባሪ ብቻ ነው ሚያስነሳው። መለዋወጫ ጎሚኒና የቀዳዳ ማጽጃ መርፌ ሳትይዙ አትውጡ፣ ጎሚኒው ሲደርቅ ፓምፑ አየር አይይዝም፣ ጠብታ ዘይት ቀቡት።

እና ላምባን በሃይላንድ አትያዙ!! ይሄን በትልቁ ጻፉት። ውሃ ይመስላል፣ የጠማው ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል፣ ብዙ ቤት የደረሰ ነገር ነው። በብረት ጠርሙስ ወይ በተለየ ቀለም ጀሪካን፣ ላዩ ላይ ተጽፎበት፣ ከምግብ ጋር ሳይቀላቀል። ድንገት የጠጣ ካለ ደግሞ እንዳታስመልሱት፣ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥታ ወደ ሀኪም ነው።

አልኮል ምድጃ ሚወዱ አሉ፣ ቀላል ነው፣ ድምጽ የለውም። ለልጆች ግን አልይዘውም፣ እሳቱ ቀን ላይ አይታይም፣ ጠፍቷል ብሎ ሚሞላ ሰው እጁ ላይ ይነሳበታል። ጉልበቱም ከጋዝ በኪሎ ግማሽ ገደማ ነው። ከፋርማሲ ሚገዛው 70 በመቶ ደግሞ ቀሪው 30ው ውሃ ነው፣ በሱ ወጥ አይሰራም።

ፈረስ ምትከራዩ ከሆነ፣ ባሌ ላይ አብዛኛው ቡድን ይከራያል ዲንሾ ላይ ከባለፈረሶቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ያን ጊዜ ክብደት ዋና ጉዳይ አይደለምና ነገሩ ይቀየራል። እኛ አሁን ምንይዘው ትንሿን የቤት ጋዝ ሲሊንደር ከቱቦና መሬት ላይ ከሚቀመጥ ሰፊ ምድጃ ጋር ነው፣ ሁለተኛው ምድጃ ደግሞ የላምባው። ሲሊንደሯ ትልቅ ስለሆነች እንደ ትንሿ ቆርቆሮ ቶሎ አትቀዘቅዝም፣ ድስቱም ላዩ ላይ ደልደል ብሎ ይቀመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ቱቦውንና መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ እዩት፣ አረፋው ካበጠ ጋዝ እያፈሰሰ ነው። መኪና ላይ ቆማ ነው ምትሄደው፣ ተኝታ አይደለም፣ ሰው ካለበት ክፍል ውጭ ፖርቶመጋላ ላይ ታስራ።

ስንት ነዳጅ? እኔ ምሰራው ሂሳብ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ወደ 15 ግራም ጋዝ ያዙ፣ ንፋስ ከተከለለና ድስቱ ከተከደነ። ለአንድ ሰው በቀን ሻዩም ወጡም ተደምሮ 1 ሊትር ገደማ ነው፣ 14 ሰው 14 ሊትር፣ 210 ግራም። ሽሮው ሚንተከተክበትና ንፋስ ሚሰርቀው ሲጨመር 300 ግራም በቀን። ለአራት ቀን 1200 ግራም፣ ለአንድ ተጨማሪ ቀን ደግሞ 300 ጨምሩ፣ በ227 ግራሙ ቆርቆሮ 7 ማለት ነው። በላምባ ሲሆን ለማሞቂያ ሚባክነውን ጨምሮ በቀን ግማሽ ሊትር፣ ለአምስት ቀን 2 ሊትር ተኩል። ይሄ ሁሉ ግን ሚጠጣውን ውሃ ሳታፈሉ ነው፣ እሱን በውሃ አጋር ወይ በሌላ ማከሚያ ክኒን አክሙት፣ ነዳጁን እጥፍ እንዳያደርግባችሁ። ማከሚያ ካለቀ ግን ማፍላት ነው፣ በዛ ከፍታ በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ቆዩ።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ጊቢ ውስጥ ሞክሩት፣ ያንኑ ድስት፣ ያንኑ ሽሮ፣ ለ7 ሰው። ጋዙን ከማብሰል በፊትና በኋላ በኩሽና ሚዛን መዝኑት፣ የኔን ቁጥር ትታችሁ የራሳችሁን ታገኛላችሁ። ልጆቹን አብሯችሁ አድርጉ፣ ማን እሳት ዳር ተረጋግቶ እንደሚሰራ ያኔ ይታወቃል። እኛ እሳት ዙሪያ አንድ ሜትር ክብ በድንጋይ እናሰምራለን፣ ውስጡ ሁለት ሰው ብቻ ነው ሚገባው፣ እግር አጣጥፎ መቀመጥ የለም፣ ቁጢጥ ወይ ተንበርክኮ ነው ድስት ሲገለበጥ ወደኋላ ማለት እንዲቻል። ጋቢና ነጠላ ለብሶ ወደ ክቡ መግባት ክልክል፣ ጥጥ እሳት ሲነካው አይምርም። ውሃ የፈሰሰበት ልጅ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል ምናምን አይቀባም።

ድንኳኑ ላይ ልመለስ። ማታ ብርዱ ሲበረታ ልጆቹ ምድጃውን ወደ ድንኳን እናስገባው ይላሉ፣ ልመናቸው አንጀት ይበላል፣ ግን አይገባም፣ ለአንድ ደቂቃም፣ ዝናብም ቢሆን። በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ ሚለውን ዜና በየክረምቱ ምንሰማው ነው፣ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጋዝም ከላምባም ምድጃ ይወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ነው ሚመስለው። በፊት አስተባባሪዎቹ ሳንረዳው ምድጃውን ድንኳን በር ላይ አድርገን ሸራውን ግማሽ ዘግተን እናበስል ነበር፣ እሱም ልክ አልነበረም። አሁን ለማብሰያ ብቻ አራት በትርና አንድ ሸራ ለብቻው እንይዛለን፣ ሁለት ጎኑ ክፍት ነው። ለብርዱ ደግሞ ሙቅ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልተን ካልሲ አልብሰን ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ደረቱ ላይ እንሰጠዋለን፣ ያቺ ኮዳ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ትሞቃለች።

ክብሪት በሁለት ቦታ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ። ምድጃው ላይ ያለችው ጠቅ ስትደረግ ብልጭ ምትለው ነገር ከፍታ ላይ ብዙ ጊዜ አትታዘዝም፣ ላይተርም ሲቀዘቅዝ ይደክማል፣ እሱን ኪስ ውስጥ ሰውነታችሁ ጋር አኑሩት። ባዶ ቆርቆሮዎቹን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ፓርኩ ውስጥ አይቀበሩም አይቃጠሉም።

እና ጀበና ምትይዙ ከሆነ፣ እኛ ሁሌ እንይዛለን ምክንያቱም ከባለፈረሶቹና ከስካውቱ፣ ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ቁጭ ሚባለው በቡና ነው፣ ታቹ ክብ የሆነችው ጀበና የምድጃው እግሮች መሀል ትሰምጣለች ወይ ትንከባለላለች። መዳፍ ምታክል የቆርቆሮ ቁራጭ ወይ ወንፊት ሽቦ ምድጃው ላይ አንጥፉና እሷ ላይ አስቀምጧት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉት፣ በሀይለኛ ነበልባል አንድ ቦታ ከተመታች ሸክላዋ ትሰነጠቃለች።